ጥቆማ፦ የጥቁሮች ታሪክ ወር በዲሲ፣ ከክትፎ ቤታችን ደጃፍ ጀምሮ

አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «ፌብሩዋሪ ደረሰ። የዘጠኝና የአሥራ አምስት ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታለች። ለጥቁሮች ታሪክ ወር የት ልውሰዳቸው? እኔ የማውቀው ትልቁን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚየም ብቻ ነው።» ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ዲሲ አካባቢ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ከዚህ በታች የምጠራቸውን ቦታዎች ከልጆቼ ጋር፣ አንዳንዱን ደግሞ ከእናቴ ጋር አይቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከትልቁ ሙዚየም አትጀምሪ። ከናይንዝ ስትሪት ጀምሪ። አዎ፣ ያው ክትፎ የምንበላበት ናይንዝ ስትሪት።

ከዩ ስትሪት አጠገብ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ብትራመዱ 1538 ቁጥር ያለው የጡብ ቤት ታገኛላችሁ። የዶክተር ካርተር ዉድሰን ቤት ነው። ወላጆቻቸው በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ግን በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1926 በፌብሩዋሪ የሚከበር የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት ጀመሩ። ያቺ ሳምንት በ1976 የጥቁሮች ታሪክ ወር ሆነች። ይህን ቤት በ1922 ገዝተው በ1950 እስኪያርፉ ድረስ ኖረውበታል፣ ሥራቸውንም የመሩት ከዚሁ ነው። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ኖሬ ቤቱን ያየሁት ልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ሲታዘዝ ነው። አፍሬያለሁ።

ቤቱን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ቀድመሽ ድረ ገጹን እዪ። ቢዘጋባችሁም እዚያው አቅራቢያ ትንሽ መናፈሻ አለች። ዶክተሩ በነሐስ ተቀርጸው ተቀምጠዋል። ለእናትሽም ማረፊያ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ዩ ስትሪት ተመለሱ። የሜትሮው መውጫ ላይ በሲቪል ዋር፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። በዙሪያው ባለው ግድግዳ 209,145 ስሞች ተጽፈዋል። የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ «የአንተ ስም ካለ ፈልግ» በይው። በሰላም ግማሽ ሰዓት ታርፊያለሽ። መግቢያ የለው፣ መዝጊያ የለው፣ ገንዘብ የለው።

ራበን ካሉ ቤንስ ቺሊ ቦውል ሁለት እርምጃ ነው። በ1958 የተከፈተ ቤት ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድለው ሰፈሩ ሲቃጠል እንኳ ክፍት ነበር። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ታዋቂው ሃፍ ስሞክ የሚባለው ቋሊማ የአሳማ ሥጋ አለበት። እናትሽ ሳያውቁ በልተው በኋላ እኔን እንዳይረግሙኝ። ጾም ከሆነም ሥጋ የሌለው ቺሊ አላቸው።

እዚህ ላይ ከጥቆማው ትንሽ ልውጣ። ዩ ስትሪት ድሮ «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል ነበር። ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው። እኛ የመጣነው በጣም ዘግይተን ነው፣ ቀድሞ በነበርንበት በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ኪራይ ሲወደድ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነጋዴዎቻችን ናይንዝ ስትሪት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ እንዲሰየም ጠይቀው ነበር። ከነባሮቹ ነዋሪዎች የተቃወሙ ነበሩ፣ «ይሄ የእኛ ታሪክ ያለበት ሰፈር ነው» ብለው። ያኔ ብዙዎቻችን ተቀየምን። እኔም ተቀይሜ ነበር። አሁን ሳስበው እንግዳ ሆኖ ገብቶ የባለቤቱን ስም ሳይጠይቅ በሩ ላይ የራሱን ስም ልለጥፍ ያለ ሰው መስለን ታይተናቸው ይሆናል። ለልጆችሽ ይህንንም ንገሪያቸው።

ወደ ሰሜን ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ አለ። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና የባለቤታቸው የሺሪኪያና አይና የመጻሕፍት መደብርና ካፌ ነው። ለእኔ ከሁሉም አንደኛ ይሄ ነው። ጎንደሬው ፊልም ሠሪና ጥቁር አሜሪካዊት ባለቤቱ በ1998 የከፈቱት ቤት ነው፣ ከዚህ በላይ የሁለታችንን ታሪክ የሚያገናኝ የት ይገኛል? የመጽሐፍ ውይይት ያዘጋጃሉ፣ ለልጆችም መጻሕፍት አላቸው። ሳንድዊቾቹ በአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ስም ነው የተሰየሙት። ትልቁ ልጅሽ ስልኩን አስቀምጦ መደርደሪያ ሲያይ ካላየሽ ውቀሺኝ።

ለእናትሽ ደግሞ የሃዋርድን ግቢ አሳዪያቸው። በ1867 የተመሠረተ ታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚህ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው። ጃንሆይም በ1954 ሲመጡ ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ነው ፎቶ የተነሣችው።

አሁን ወንዙን እንሻገር። አናኮስቲያ ስል «እዚያ ሰፈር ደግሞ ምን ልትሠሩ?» የሚለኝ ዘመድ አይጠፋም። ሳይሄዱ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። እኔ በቀን ከልጆች ጋር ስንቴ ሄጄ አንድም ቀን ክፉ አልገጠመኝም።

እዚያ ፍሬድሪክ ዳግላስ የኖሩበት ሴዳር ሂል አለ። ከባርነት አምልጠው አገር ያንቀጠቀጡ ተናጋሪ ናቸው። ቤቱን በ1877 ገዙት፣ በ1895 እዚያው ዐረፉ። ከኮረብታው ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል። ቤቱ የሚጎበኘው በአስጎብኚ ብቻ ነው። መግቢያው ነጻ ሆኖ በኢንተርኔት ቦታ ለመያዝ ትንሽ ሳንቲም ይከፈላል። ቫዮሊናቸውና የስፖርት ክብደታቸው ሳይቀር አለ። ልጆች ያንን ይወዱታል። ከታች እስከ ላይ ያለው ደረጃ ከሰማንያ በላይ ነው። የእናትሽ ጉልበት የማያስችል ከሆነ ከታች ላሉት ሠራተኞች ንገሪያቸው፣ ሌላ መውጫ ያሳዩሻል።

ዳግላስ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም ነበር። በባርነት የተወለደን ልጅ ቀን ማን ይመዘግባል? ስለዚህ ራሳቸው ፌብሩዋሪ 14ን መረጡ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ልደታቸው ይከበራል፣ ንግግርና ሙዚቃ አለ። ከአንድ ቀን በላይ የማይመችሽ ከሆነ ያንን ቀን ምረጪ። እናቴ ታሪኩን ሳስተረጉምላት ዝም ብላ ቆየችና «እኔም እኮ አጨዳ ላይ ተወለድሽ ነው ያሉኝ» አለች። መኪና ውስጥ ስንገባ ኅዳር 21ን መርጣ ጨርሳለች። ጽዮን ማርያም ናት። ከዚያ ወዲህ ኬክ እንገዛለን።

እዚያው ሰፈር የአናኮስቲያ ኮሚዩኒቲ ሙዚየም አለ። በ1967 የተከፈተ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው። ትንሽ ነው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ነጻ ነው፣ ወረፋ የለም። የሚያሳየው የዚህን ከተማ ሰዎች ኑሮ ነው። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ከትልቁ ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ።

ስለ ትልቁም ላውራ። በ2016 የተከፈተው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ድንቅ ነው፣ ክርክር የለውም። ነጻ ነው፣ ግን የመግቢያ ሰዓት ቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ፣ በተለይ በፌብሩዋሪ ቅዳሜ። ታሪኩ የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው። በሊፍት ወርደሽ እየወጣሽ ትመጫለሽ። ሰው ይደክማል፣ ልብም ይደክማል። የኤሜት ቲል የሬሳ ሣጥን ያለበት ክፍል አለ። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ያንቺ ትልቁ አሥራ አምስት ነው። አብረሽው ግቢ፣ ብቻውን አትላኪው። ትንሹና አያቱ ፎቅ ላይ ይቆዩ። ሙዚቃው፣ ስፖርቱ፣ የሮክ ሙዚቀኛው የቸክ ቤሪ ቀይ ካዲላክ እዚያ ነው።

ገንዘብ ከፍዬ የተቆጨሁበትም አለ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለአራት ሰው ከመቶ ዶላር በላይ ተቀብሎ በአውቶቡስ አዞረን። ሐውልቱን በመስኮት፣ ሃዋርድን በመስኮት። ከአውቶቡሱ የወረድነው አንዴ ነው፣ እሱም ሽንት ቤት። ከላይ ያልኩሽን በሙሉ በሜትሮ ካርድ ታዪዋለሽ። የሾው (ለዉድሰን ቤት የሚቀርበው)፣ የዩ ስትሪትና የአናኮስቲያ ጣቢያዎች ሁሉም አረንጓዴው መስመር ላይ ናቸው።

ፌብሩዋሪ ብርድ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ወር ለመጨረስ አትሩጪ። ኤፕሪል 16 የዲሲ የነጻነት ቀን ነው። በ1862 በዚያ ቀን ሊንከን በከተማዋ የነበሩትን ወደ 3,100 የሚጠጉ ባሪያዎች ነጻ ያወጣውን ሕግ ፈረሙ። ካሣም ተከፍሏል፣ ለአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር። ለባሪያዎቹ መሰለሽ? ለጌቶቹ ነው! በዚያ ሰሞን መሃል ከተማ ላይ ሰልፍና የሙዚቃ ድግስ አለ። የታክስ ማስገቢያው ቀን አንዳንድ ዓመት ለምን እንደሚገፋ ገርሞሽ የሚያውቅ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ በዓል ነው። ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ ሊንከንን የሚያመሰግነው በዚህ ነው።

ሲሞቅ ደግሞ እሑድ ከሰዓት ማልኮም ኤክስ ፓርክ ሂዱ። ካርታ ላይ ሜሪዲያን ሂል ነው የሚለው። ከስድሳዎቹ ጀምሮ ሰው እየተሰበሰበ ከበሮ ይመታል። መድረክ የለም፣ ቲኬት የለም፣ የፈለገ ይገባል። ብርድ ልብስና ቆሎ ይዛችሁ ኑ። እናትሽ እስክ ካላሉ እኔ የለሁበትም።

ጎጎን ሳልጠቅስ ባልፍ የዲሲ ልጆች አይምሩኝም። ቸክ ብራውን የፈጠረው የዚህ ከተማ ሙዚቃ ነው። ዘፈን አልቆ ዘፈን አይጀመርም፣ ከበሮው ሳይቆም ያሸጋግራል። ዘፋኙ ደግሞ በመሃል የታዳሚውን ስምና ሰፈር እየጠራ ያወድሳል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። በ2019 ሾው ሰፈር ውስጥ ጎጎ ወደ መንገድ የሚያሰማ አንድ የስልክ ሱቅ ሙዚቃውን እንዲያጠፋ ተጠየቀ። አዲስ ገብ ነዋሪ በጫጫታው ተማሮ ነው ተባለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሙዚቃው ተመለሰ። በ2020 ደግሞ ጎጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ ሆኖ በሕግ ጸደቀ። አሁን አናኮስቲያ ውስጥ የራሱ ሙዚየም አለው። አሥራ አምስት ዓመት ለሞላው ልጅሽ ከሙዚየም ሁሉ እሱን አስቀድሚለት። ትንሹ በጆሮው ላይ የሚደፋው ነገር ይያዝ፣ ድምፁ ኃይለኛ ነው።