የእድራችን ዳስ ማታ እንዲያስቀምጥ፦ ለእሁዱ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። እሁድ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የጣና ሐይቅ ዳር ዳሳችን ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ አያስቀምጥም። አምና በጥር ለቅሶ ተቀምጠን እናቶች ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ሐዘንተኛዋ ከሦስት ጎረምሶች ጋር ቀረች። እነሱም ስልካቸውን ነበር የሚያዩት። ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳንጣላ። ከመጠባበቂያው ከ20 ሺህ ብር በላይ አይወጣም። የቀረው የቀብር ነው።

አዲሱ አባል፦ አዲስ አበባ ካፌዎች በረንዳ ላይ የሚያቆሙት ረጅም የጋዝ ማሞቂያ አለ፣ ጃንጥላ የሚመስል። ሁለት ብንገዛስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ጋዙን ማን ይሞላልሃል ልጄ? ለወጥ እንኳ ሲሊንደር ተሸክመን ስንዞር ነው የምንውል።

መምህሩ፦ የኤሌክትሪኩም ያው ነው። መብራት መጥፋቱን እንተወውና፣ ክፍት ቦታ ላይ አየር ማሞቅ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። መጀመሪያ ነፋሱን እንያዘው። ሰውን የሚያባርረው ዲግሪው ብቻ አይደለም። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ ነፋስ ከሌለ በጋቢ ያስመሻል።

ንብረት ክፍል፦ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። በሐይቁ በኩል ከላይ እስከ ታች ሸራ እንጋርድ። ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጀልባ ነጂው፦ የለም ጋሼ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ቀን ነው። ማታ ይገለበጣል። ፀሐይ ስትገባ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ስለዚህ ቀዝቃዛው አየር ከየብስ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡብ ዳርቻ ነው፤ እንግዲህ ማታ የሚመታን ከጀርባችን፣ ከከተማው በኩል ነው። ታንኳ የሚቀዝፉትን ጠይቋቸው። ንጋት ላይ ሲወጡ ነፋሱ ከኋላ ይገፋላቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱም ያው ይገፋላቸዋል። ካላመኑኝ ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዳሱ ውስጥ ክብሪት ይጫሩ።

ንብረት ክፍል፦ በክብሪት ልታስተምረኝ ነው? እሺ፣ እጭራለሁ።

እትዬ (የታችኛው ሰፈር)፦ ስለ ከሰሉ እኔ ልናገር። ካቻምና በድንኳኑ ጊዜ አራቱንም ጎን ዘግተን ሦስት ምድጃ ከሰል አስገባን። ደስ ሲል፣ ሞቀን ተባባልን። ከዚያ ቡና የምታፈላው ልጅ ሁለተኛውን ልትቀዳ ብድግ ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ ረከቦቱ ላይ ወደቀች። አንዱ ሎሚ አምጡ ይላል፣ አንዱ ጸበል። እኛም ለካ ራሳችንን ይዘን ነበር የተቀመጥነው። ድንኳኑን የገለጠው አንድ ሕፃን ነው፣ ሽንቱ መጥቶበት። እሱ ባይወጣ ምን ይውጠን ነበር?

ነርሷ፦ እትዬ፣ ያ የከሰል ጋዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ብዙ ሰው ከሰሉ ቀልቶ ጢሱ ካቆመ አለቀ ብሎ ያስባል። ጢሱ ቢያቆምም ጋዙ አያቆምም። ስለዚህ በሐሳቡ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር በጉልህ ይጻፍልኝ፦ በተዘጋ ቦታ ከሰል አይገባም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሎሚ ሳይሆን ንጹሕ አየር፣ ቶሎም ወደ ጤና ጣቢያ።

የእድሩ ዳኛ፦ ይጻፍ። በዚህ ላይ ድምፅ አንሰጥም።

ንብረት ክፍል፦ አሁን ከዳሱ መመለሴ ነው። ጫርኩ። ነበልባሉ ወደ ሐይቁ ተኛ። ሦስት ጊዜ ጫርኩ፣ ሦስቴም ወደ ሐይቁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን በረደኝ እያልኩ ፊት ለፊቴን ስጋርድ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ጀልባ ነጂው፦ አይዞዎት ጋሼ። ትልቁ ነገር ሐይቁ ሳይጋረድብን መቅረቱ ነው።

መምህሩ፦ ግርዶሹ በከተማው በኩል ከሆነ ሸራ አንጠቀም። ሸራ ነፋሱን አናቱ ላይ አዝሎ ከውስጥ ይጥለዋል፣ ያውለበልበዋልም። ትንሽ ትንሽ ክፍተት ያለው የቀርቀሃ አጥር ይሻላል፤ ነፋሱን ያደክመዋል እንጂ አይጋፋውም። ቀርቀሃ ደግሞ ከአዊ፣ ከእንጅባራ በኩል እንደ ልብ ይገኛል።

አዲሱ አባል፦ ደንገል እዚሁ ዳርቻው ላይ እያለ ለምን ከእንጅባራ?

ጀልባ ነጂው፦ ደንገሉን ተወው ወንድሜ። ለታንኳውም እየጠፋ ነው።

ጸሐፊ፦ እሳቱስ የት ይሁን? መሀል ቢሆን ጢሱ ሁሉንም ያስለቅሳል። እንባ ለለቅሶ ቢሆንም።

ጀልባ ነጂው፦ በሐይቁ በኩል፣ ከክዳኑ ውጭ። ነፋሱ ጢሱን ወደ ውኃው ይዞት ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሙቀቱንም ይዞት ከሄደስ?

መምህሩ፦ የተወሰነውን ይወስዳል። የፍም ሙቀት ግን እንደ ፀሐይ በቀጥታ ፊት ላይ ይደርሳል፣ ነፋስ አያጥፈውም። ከእሳቱ ማዶ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግማሽ ክብ ካብ ከሠራንለት ወደኛ ይመልስልናል። ድንጋዩ ግን ከሐይቁ ዳር አይለቀም። ውኃ የጠጣ ድንጋይ እሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከግንባታ የተረፈ ደረቅ ጥቁር ድንጋይ ይሁን።

እትዬ፦ መቀመጫውን ረሳችሁት። የላስቲክ ወንበሩ ነው ከታች የሚገድለን።

የእድሩ ዳኛ፦ እውነት ነው። ፎም እንግዛ?

እትዬ፦ ምን ሊደረግ! አጎዛ እያለ? የበግ ቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ በበዓል ማግስት መንገድ ዳር ነው የሚጣለው፤ ውሻ ሲጎትተው እናያለን። 40 ቤት አይደለን? ግማሹ እንኳ ቢያርድ 20 አጎዛ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ ይባረኩ። ይኼ ነው በጀት ማለት።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይኼን ይመስላል፣ ያልተስማማ ይናገር። «እድሩ በዳሱ የከተማ በኩል የቀርቀሃ አጥር ያቆማል፤ የሐይቁ በኩል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከክዳኑ ውጭ፣ በሐይቁ በኩል፣ ከደረቅ ድንጋይ የእሳት ቦታ ይሠራል። በተዘጋ ዳስም ሆነ ድንኳን ከሰል አይገባም። አባላት የበዓል በግ ቆዳ ለእድሩ ይሰጣሉ። ጠቅላላ ወጪው ከ20 ሺህ ብር አይበልጥም።»

ነርሷ፦ የእሳት ማጥፊያ አሸዋ በባልዲ ጨምርበት። ቀርቀሃ አጠገብ ነን።

ጸሐፊ፦ ተጨምሯል።

አዲሱ አባል፦ አንድ ጥያቄ። በግ የሚታረደው ለገና ከሆነ፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ምን ላይ እንቀመጥ?

እትዬ፦ ዘንድሮ የቤታችሁን ጋቢ አጥፋችሁ ተቀመጡበት። ለጥር ይደርሳል። ብቻ ገና ማታ ቆዳውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እንዳታሳድሩት፣ ይበላሻል። እንደተገፈፈ ሥጋው ፋቅ ፋቅ ይደረግና ጨው ይነስነስበት፣ ከዚያ ጥላ ሥር ይወጠር። ፀሐይ ላይ ከተወጠረ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል። ካስማውን እኔ አመጣለሁ፣ ጨዉን እድሩ ይግዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስንት ኪሎ?