የጥንት ሰዎች ድንጋይን በድንጋይ መትተው ስለት ያወጡ የነበረው እንዴት ነው?

ጥያቄ (የታሪክ መምህር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎቼን በአፋር ጎና ስለተገኙትና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ስላላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ሳስተምር፣ አንዲት ልጅ ድንጋይ በድንጋይ ተመትቶ እንዴት ስለት ሊያወጣ እንደሚችል ጠየቀችኝ። ላሳያት ብዬ ከወንዝ ያመጣሁትን ድቡልቡል ድንጋይ መሃሉን በመዶሻ ደጋግሜ ብመታው፣ መጀመሪያ አልበገር አለ፤ በኋላም ፍርክስክሱ ወጣ። ስህተቴ ምን ይሆን?

መልስ (የአርኪዮሎጂ ተመራቂ)፦
መምህር፣ ጉዳዩ የጉልበት ሳይሆን የማዕዘን ነው። ድንጋዩ የሚመታው መሃሉን ሳይሆን ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ሲሆን፣ በሚመታው ገጽና ስንጣሪው በሚነሳበት ጎን መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ አለበት። ድቡልቡል ድንጋይ እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ይፈልጉ፤ በብረት መዶሻው ፋንታም ጠንካራና ክብ የወንዝ ድንጋይ ይጠቀሙ። ስንጣሪው ሲነሳ የውስጥ ገጹን በጥንቃቄ ቢዳስሱት፣ ከተመታው ነጥብ ሥር ትንሽ እብጠት፣ ከእርሷም ጠጠር የወደቀበት ውኃ የሚሠራውን የመሰለ ሞገድ ያገኛሉ። ይህን ምልክት ለተማሪዎቹ በእጃቸው ቢያስይዟቸው ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል።

መልስ (ሌላ አባል)፦
የድንጋዩ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩትን ይጠርቡ ነበር፤ ባልጩት እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር እጅግ የሰላ ጠርዝ ይሰጣል። በኮንሶ ደግሞ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የእጅ መጥረቢያዎች የተገኙ ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ ቆዳ ፋቂ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ እየጠረቡ መሥራታቸው እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። ይህን ለልጆቹ ሳይነግሯቸው እንዳያልፉ እለምናለሁ።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
እባክዎ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ጭንዎ ላይም ወፍራም ቆዳ ያንጥፉ። አቧራው ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው ውጭ አየር ላይ ይሁን። ከጥንት ቦታ ድንጋይ አያንሱ፤ የራስዎንም ስብርባሪ ጠርገው ይሰብስቡ፤ አለዚያ ነገ የሚያጠናውን ሰው ያሳስታል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠፍጣፋ ጎን ያለው ጥቁር ድንጋይ መርጬ ጠርዙን ብመታው፣ በሦስተኛው ምት አውራ ጣት የምታህል ስንጣሪ ተነሳች። እብጠቷም አለች። የጠየቀችው ልጅ በስንጣሪዋ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ቆረጠች።