ለትውልድ ቀበሌያችን ድሃ ቤተሰቦች እህል እንግዛ ወይስ ገንዘቡን በእጃቸው እንስጥ?

ጥያቄ፦ ከላስታ ተወላጅ

የአንድ ቀበሌ ተወላጆች ሆነን በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን አካባቢና በዓረብ አገሮች የምንኖር ሰዎች በየዓመቱ የምናዋጣው ገንዘብ አለን። ባለፉት ዓመታት መዋጮው ለትምህርት ቤት ጣሪያና ለምንጭ ማጎልበቻ ውሏል። ዘንድሮ ግን መሬቷን የሚያርስላት ሰው ያጣችን መበለት፣ ልጆቹ ተበታትነው ብቻውን የቀረን አረጋዊ፣ በሕመም ምክንያት መሥራት የተሳነውን አባወራ በቀጥታ እንርዳ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በስብሰባችን ላይ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ከፊሎቻችን እህል ወይም በግ ተገዝቶ ይሰጥ እንላለን፤ ሌሎቹ ደግሞ ለቤቱ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ባለቤቱ ስለሆነ ገንዘቡ ራሱ በእጁ ይግባ ይላሉ። የሚቃወሙት ወገኖች ብሩ ለድግስና ለመጠጥ ይውላል፣ የገበያ ዋጋ ያንራል፣ ሰውንም እጅ ጠባቂ ያደርጋል ብለው ይሠጋሉ። በሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የሠራችሁ ወይም ኑሮውን በቅርብ የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ቤት ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሚለውጥ፣ በየወሩ መስጠት ይሻል እንደሆነ ወይስ በአንድ ጊዜ፣ ሐሳባችሁን ታካፍሉን ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ ከቀድሞ የግብርና ልማት ሠራተኛ

በሰሜን ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች ባገለገልሁባቸው ዓመታት ያየሁትን ልጻፍ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አንዱ ዋና ዓላማው በየዓመቱ በሚደረግ ጥሪ ላይ የተመሠረተውን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚመጣ የማይታወቀውን እርዳታ፣ አስቀድሞ በሚታወቅ ድጋፍ መተካት ነበር። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በእርከን፣ በመንገድና በመሳሰለው የልማት ሥራ ላይ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው ደግሞ ሥራ ሳይጠየቅ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እናንተ ልትረዷቸው ያሰባችኋቸው ሰዎች ከእነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ናቸው።

የድሃውን ገበሬ ቤት ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው መጠበቅ አለመቻሉ ነው። ገብሱና ስንዴው ተሰብስቦ ገበያው ሲሞላ የእህል ዋጋ በዓመቱ ዝቅተኛው ይሆናል፤ ነገር ግን የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብርና የጤና መድን መዋጮ የሚጠየቀው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ምርቱ ገና ከአውድማ ሳይነሣ ይሸጣል። ያው ቤተሰብ በሰኔና በሐምሌ ጎተራው ሲራቆት የሸጠውን እህል መልሶ በውድ ይገዛል። መግዣ ሲያጣ በግ ይሸጣል፤ በጎቹ ሲያልቁ በአራጣ ይበደራል፤ አበዳሪ ሲጠፋ ደግሞ በጓሮው ያለውን ባሕር ዛፍ ሳይደርስ በቁሙ ይሸጣል። በሬ የሌላት መበለት ችግር ከዚህም ይብሳል። መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ አራሹም የራሱን ማሳ ሳያዳርስ ወደ እርሷ ስለማይመጣ ዘሩ ዘግይቶ ይወድቃል፤ ከዚያ ከሳሳው ምርት ላይ ግማሹ የአራሹ ነው።

በታወቀ ቀን በየወሩ የሚደርስ ገንዘብ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይነካዋል። እናቲቱ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆን አስቤዛ እንዳላት ካወቀች ምርቷን በታኅሣሥ አትጥልም፤ በጓን ስለማትሸጥ ግልገል ታገኛለች፤ ጥማድ በሬና አራሽ በወቅቱ ከተከራየች ደግሞ የመሬቷን ምርት በሙሉ ወደ ቤቷ ታስገባለች። የፕሮግራሙን ውጤት ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎችም አምስት ዓመት ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦች የረሃብ ወራት፣ አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸር፣ ከአንድ ወር በላይ ማጠሩን አሳይተዋል። አንድ ወር በከተማ ለሚኖር ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነሐሴን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላ ለሚያሳልፍ ሕፃን ግን እጅግ ብዙ ነው።

ስለ በጉም አንድ ነገር ላክል። እረኛና ግጦሽ ላለው ቤት በግ መልካም ስጦታ ነው። ብቻውን ለሚኖር ደካማ አረጋዊ ግን በግ ተጨማሪ ሸክም ስለሚሆንበት ብዙ ሳይቆይ ወደ ገበያ መውሰዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜም የሚያገኘው እናንተ ከገዛችሁበት ባነሰ ዋጋ ነው።

መልስ 2፦ ከዋግ

በድርቅ ዓመታት አንድ የእርዳታ ድርጅት በየወሩ ገንዘብ ይሰጠው በነበረ ቤት ውስጥ ያደግሁ ነኝ። አባቴ በዓይን ማዝ ምክንያት ማየት ስለተሳነው መሬታችን በሌላ ሰው እጅ ነበር። ስለ ምግቡ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው በመንደር ውስጥ ስላለን ቦታ ነው። ገንዘቡ ከመጀመሩ በፊት ለእናቴ ጨውና በርበሬ በዱቤ የሚሰጣት ባለሱቅ አልነበረም፤ ከየት አምጥታ እንደምትከፍል ስለማይታወቅ ሰው ቢሸሻት አይፈረድበትም ነበር። የምትቀበልበት ቀን ከታወቀ በኋላ ግን ባለሱቁም ጎረቤቶቿም አመኗት። ለዓመታት ወጥታ ወደነበረችበት እድር ተመለሰች። አባቴ ሲያርፍ ወጉ ሁሉ ተሟልቶለት የተቀበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለድግስና ለእድር የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ወገኖች ጉዳዩን እንደገና እንዲያስቡበት እለምናለሁ፤ በገጠር ከእድር የወጣ ቤተሰብ በሕመም ጊዜ ቃሬዛ የሚሸከምለት እንኳ ያጣል።

ታላቅ እኅቴ ገንዘቡ ሳይጀመር በፊት ለሰው ቤት ሠራተኛነት ወደ ወልድያ ተልካ ነበር፤ እኔ ደብተርና የደንብ ልብስ ስለተገዛልኝ ትምህርቴን ቀጠልሁ። በእኅትማማቾች መካከል የተፈጠረው ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ክፍያው በዘገየባቸው ወራት እናቴ እንደገና ትበደር ነበር፤ ሲደርስም ከእጇ ሳይውል ለአበዳሪ ያልፋል። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን ጠብቃችሁ ላኩ።

መልስ 3፦ ከኢኮኖሚክስ መምህር

ሁለቱም መልሶች ያሳመኑኝ ቢሆንም የገበያው ጉዳይ በቸልታ መታለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ የክፍያው ስሌት የተመሠረተውም በቀን 3 ኪሎ ግራም እህል በሚገዛ ገንዘብ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገሪቱ ሁሉ ሲያሻቅብ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን ሊከተለው አልቻለም። በዚያን ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ብዙ ተጠቃሚዎች በገንዘብ ፈንታ እህል እንዲሰጣቸው መርጠው ነበር፤ እህል ብቻውን ወይም ከገንዘብ ጋር ቀላቅለው ያገኙት ቤተሰቦችም ገንዘብ ብቻ ካገኙት የተሻለ ኑሮ ነበራቸው። ከዚህ በመነሣት የምመክረው መጠኑን በብር ወስናችሁ ለዓመታት እንዳትተዉት ነው። በፕሮግራሙ ስሌት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይታሰባል፤ እናንተም በአካባቢው ገበያ ይህን ያህል ስንዴ የሚገዛውን ገንዘብ በየሦስት ወሩ እያጣራችሁ ክፍያውን አስተካክሉ።

ገንዘብ ራሱ ዋጋ ያንራል የሚለውን ሥጋት በተመለከተ በኬንያ የሲያያ አካባቢ የተደረገው ጥናት ጠቃሚ ማስረጃ ይሰጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ፣ 653 መንደሮችን ባቀፈው በዚህ ጥናት፣ ከ10,500 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ በሞባይል ስልክ ተልኮላቸው ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ አካባቢ ፈስሶ እንኳ የሸቀጦች ዋጋ በአማካይ የጨመረው በ0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ምንም ያልተላከላቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ ገቢያቸውና ፍጆታቸው አድጓል፤ ምክንያቱም ተቀባዮቹ ገንዘቡን ያወጡት በእነዚሁ ጎረቤቶች ሱቅና የእጅ ሥራ ላይ ነበር። ቀደም ሲል በዚያው አካባቢ በተደረገ ሌላ ጥናትም ለመጠጥና ለትምባሆ የሚወጣው ወጪ አልጨመረም። በየወሩ የተከፈላቸው በምግብ ዋስትና ረገድ ሲሻሻሉ፣ በአንድ ጊዜ የተሰጣቸው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ባሉ ትልልቅ ነገሮች ላይ አውለውታል። እናንተ ከምትረዷቸው መካከል አረጋውያኑ በየወሩ ቢያገኙ፣ ልጆች ያሏትና ጥማድ በሬ መግዛት የምትሻ እናት ግን ከወርኃዊው በተጨማሪ አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ብታገኝ ይሻላል እላለሁ። ይሁን እንጂ ሲያያ ገበያው በመንገድ የተገናኘ አካባቢ ነው። መንገድ በሚዘጋበትና ባንክ በማይሠራበት ጊዜ እህል የማይገባበት ገበያ ላይ ብር መላክ ለነጋዴ ብቻ ስለሚጠቅም፣ ለእንዲህ ያለው ጊዜ እህል የምትገዙበትን መንገድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከጠያቂው

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በቀጣዩ ስብሰባችን ላይ ጽሑፋችሁን ለአባላቱ አነባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በቀበሌው ችግረኛ ያልሆነ ቤት ጥቂት ነውና ተረጂዎቹን ማን ይምረጥ? ቅሬታ እንዳይነሣስ ምን ይደረግ?

መልስ 4፦ ከቀድሞ የግብርና ልማት ሠራተኛ

ምርጫውን ለሊቀ መንበሩ ወይም ለአንድ ዘመድ ብቻ አትተዉ። ሴቶችና የእድር ዳኞች ያሉበት ጥቂት ሰዎች የስም ዝርዝሩን ያዘጋጁ፤ ዝርዝሩም ሕዝብ በተሰበሰበበት ተነብቦ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር ዕድል ይሰጠው፤ ቅሬታውን የሚሰሙት ደግሞ መራጮቹ ያልሆኑ ሌሎች ሰዎች ይሁኑ። ከሁሉ የሚከፋው ፈተና፣ «ሁሉም ድሃ ነውና ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረስ» የሚለው ግፊት ነው። ከቅን ልብ የሚመነጭ ሐሳብ ቢሆንም፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብ የሁለት ሰው ድርሻ ሲሰጥ ከላይ የተዘረዘረው ለውጥ አንዱም አይመጣም፤ እናቲቱ በጓን መሸጧ፣ ማሳዋንም ለእኩል አራሽ መስጠቷ ይቀጥላል። መዋጮአችሁ ለ40 ቤት የማይበቃ ከሆነ ለ15 ቤት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይሁን፤ የቀሩት መቼ እንደሚታዩም በዚያው ስብሰባ ላይ በግልጽ ይነገራቸው።