የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ማን ሠራው? የዳኛው ፍርድ ልክ ነበር?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሚኒያፖሊስ ላይ ዳኛ ኧርል ላርሰን ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒውተር ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ውድቅ አደረጉት። ማሽኑን የሠሩት ሞክሊና ኤከርት ሐሳቡን ያገኙት በአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ኮሌጅ ያስተምር ከነበረው ከጆን አታናሶፍ ነው አሉ። ልክ ናቸው?

ጠበቃው፦ ልክ ናቸው እንጂ! ሞክሊ በጁን 1941 አይዋ ድረስ ሄደ። አታናሶፍ ቤት ለጥቂት ቀናት በእንግድነት ሰነበተ። ማሽኑን አየ፣ ጽሑፉንም አነበበ። ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቲዩብ፦ ቆይ፣ ሰው ያየውን ሁሉ ሰረቀ ማለት ነው? የአታናሶፍ ማሽን ወደ 300 ገደማ ቫኪዩም ቲዩብ (አምፖል የሚመስል የኤሌክትሮኒክ ዕቃ) ነበረው። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ እስከ 29 የሚደርሱ ኢኩዌሽኖችን አንድ ላይ መፍታት። እሱም ቢሆን ካርድ የሚበሳው ክፍል እያስቸገረ። ኤኒያክ ግን ወደ 18,000 ቲዩብ፣ 30 ቶን፣ በሰከንድ 5,000 ድምር! ሌላ ዓይነት ስሌት ሲፈለግ ደግሞ ሽቦው እየተነቀለ እንደገና ይሰካል። ያንን ሥራ የሠሩት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ለዓመታት ማንም ስማቸውን አላነሳም። ይሄ ራሱን የቻለ ክርክር ይወጣዋል።

ጠበቃው፦ ጥያቄው «ማን ቀደመ» እንጂ «ማን ገዘፈ» አይደለም፣ ወንድሜ።

ከሙኒክ፦ መቅደም ከሆነ ጀርመኑ ኮንራድ ዙሰ የት ሄደ? ዜድ 3 የተባለውን ማሽን በሜይ 1941 በርሊን ላይ አሳይቷል። በተበሳ ፊልም ላይ በተጻፈ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። በ1943 የቦምብ ድብደባ አወደመው። እዚህ ዶይቸስ ሙዚየም ያለው በኋላ የተሠራ ቅጂ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የልብስ ቁም ሳጥን ነው የሚመስለው።

ቲዩብ፦ ዜድ 3 በሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚሠራው። ኤሌክትሮኒክ አይባልም።

መምህር፦ ልጆች፣ እንግሊዞችን ረሳችኋቸው። ቶሚ ፍላወርስ የፖስታ ቤት መሐንዲስ ነበር። በ1944 ብሌችሊ ፓርክ ላይ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ለመስበር ኮሎሰስ የተባለውን ማሽን ሠራ። 1,600 ገደማ ቲዩብ፣ ከኤኒያክ በፊት! ጦርነቱ ሲያልቅ ንድፉን በእጁ እንዲያቃጥል ታዘዘ። ፎቶው እንኳ ለሕዝብ የወጣው በ1975 ነው፣ ከፍርዱ ሁለት ዓመት በኋላ። ዳኛው በቀረበላቸው መዝገብ ፈረዱ። መዝገቡ ግን ጎዶሎ ነበር።

ጠበቃው፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። አታናሶፍ ባይኖርም ፓተንቱ ይወድቅ ነበር። ኤኒያክ ለሕዝብ የታየው በፌብሩወሪ 1946 ነው፤ ማመልከቻው የገባው ግን በጁን 1947። የአሜሪካ ሕግ የሚሰጠው አንድ ዓመት አልፏል። የተሸነፈው የፓተንቱ ባለቤት ኩባንያም ይግባኝ አላለም።

ቲዩብ፦ አሃ! እንግዲያው የአታናሶፍ ስም መነሳቱ ለፍርዱ ግድ አልነበረም ማለት ነው። ቀኑ ስላለፈ ብቻ ፓተንቱን ጥሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። የታሪክ ጣጣ ውስጥ መግባት ምን አመጣው?

ጠበቃው፦ አታናሶፍ ተበድሏላ! ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ባሕር ኃይል ሥራ ሄደ። ኮሌጁ ደግሞ ማሽኑን ኋላ ላይ አፈራረሰው።

ከሙኒክ፦ ራሱ ለምን ፓተንት አላወጣም ታዲያ?

መምህር፦ ኮሌጁ ቺካጎ ውስጥ የፓተንት ጠበቃ ቀጥሮለት ነበር። ወረቀቱ ተዘጋጀ፣ ግን ሳይገባ ቀረ።

ቲዩብ፦ ጠበቃ ነው የተባለው? 😂

ጠበቃው፦ በሙያ ባልደረቦቼ አትምጡብኝ።