የላፕቶፕ ባትሪ፦ ኦርጅናል፣ ኮፒ ወይስ ፓወር ባንክ? (ጥቆማ)

"ባትሪዬ ሞቷል፣ የት ልቀይር?" ለምትሉ፦ መጀመሪያ መሞቱን አረጋግጡ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። እንዴት እንደሚወጣ ካላወቃችሁ ሠሪውን "ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ" በሉት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሪፖርቱ ላይ ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው ነው፤ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ ደግሞ ዛሬ የሚይዘው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 46,500 ሚሊዋት-አወር (46.5 ዋት-አወር) አካባቢ ነው። ሁለተኛው 35,000 ካለ ባትሪው ገና ነው፣ ብራችሁን ያዙ። 20,000 ከሆነ ግን መቀየሩ ያዋጣል።

ማለቁማ አይቀርም። ብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ዙር ቻርጅ ከሠሩ በኋላ አቅማቸው ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል። አፕል ለአዳዲስ ማክቡኮቹ 1,000 ዙር ይላል። አንድ ዙር ማለት ሶኬት በሰካችሁ ቁጥር አይደለም፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ መርካቶ ዋጋው ይሻላል፤ ግን ዕቃ ለይቶ ለሚያውቅና መከራከር ለማይሰለቸው ሰው ነው። ስታዲየም ዙሪያና ሜክሲኮ ያሉት የሕንፃ ሱቆች ትንሽ ይወደዳሉ፤ ደረሰኝና ዋስትና መጠየቅ ግን እዚያ ይቀላል። ዋስትናው በቃል ብቻ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት፣ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ፒያሳ ደንበኛ የነበራችሁ ደግሞ በ2016 ከፈረሳው በኋላ ብዙ ሰው ቦታ ቀይሯልና ሳትደውሉ አትሂዱ። ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩት የዶላሩ ነገር ስለሚታወቅ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

"ኦርጅናል ነው" የሚለውን ቃል የማይጠቀም ሻጭ የለም። ስለዚህ ስቲከሩን ተዉት። እዚያው አስገጥሙ፣ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፣ ሪፖርቱ እንደገና ይውጣ። ኮፒም ቢሆን ቁጥሩ ከዋናው ጋር ከተቀራረበና ዋስትና ካለው መግዛቱ ነውር የለውም። ከሌላ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪ ግን አልመክርም፤ የሰው እርጅና በገንዘብ መግዛት ነው። ሴል (ባትሪው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ባትሪዎች) እንቀይርልሃለን የሚሉም አሉ። ከውጭ ተነቃይ ለሆኑት ለድሮዎቹ ባትሪዎች ሊሠራ ይችላል፤ ስስ ለሆኑት የውስጥ ባትሪዎች ግን በፍጹም።

ላፕቶፓችሁ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነና ችግራችሁ የመብራት መጥፋት ብቻ ከሆነ፣ እኔ ከኮፒ ባትሪ ይልቅ ፓወር ባንክ እመርጣለሁ። 65 ዋት የሚያወጣ ይሁን፤ የስልኩ ዓይነት ላፕቶፕ አይችልም። 20,000 ሚሊአምፒር-አወር የሚለው በወረቀት 74 ዋት-አወር ነው። ወደ ላፕቶፑ ሲተላለፍ የሚባክን ስላለ ሙሉውን አትጠብቁ፤ ያም ሆኖ ከብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ጋር ይቀራረባል። ከ100 ዋት-አወር በታች ስለሆነ በእጅ ሻንጣ አውሮፕላን ላይም ይገባል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ላሰባችሁ ደግሞ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ን እዩልኝ። ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ ተነቃይ። ማሽኑን ሳታጠፉ የኋላውን አውጥታችሁ ሌላ ትሰካላችሁ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ዕድሜ ለማራዘም ትልቁ ነገር ሙቀት ነው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አትሥሩበት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ የምትውሉ ከሆነ 80 ከመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጉት፤ ሌኖቮ ቫንቴጅ፣ አሱስ ማይአሱስ በሚባሉ ፕሮግራሞቻቸው በኩል ይፈቅዳሉ፣ ዴልና ኤችፒም የራሳቸው አላቸው። "መብራት ቢጠፋስ?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ቢሮ ስትሆኑ 80 ላይ ያዙት፣ መብራት ይጠፋል የተባለ ቀን እስከ 100 እንዲሞላ ልቀቁት።

ታችፓዱ ከፍ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ እኩል አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ አታድርጉት፣ ራሳችሁም አትነካኩት፤ አጥፍታችሁ የዛኑ ቀን ሠሪ ጋ ውሰዱት።