የኮሌጅ ስኮላርሺፕና የሰመር ፕሮግራም ለማይኖሪቲ ተማሪዎች፦ ከየት ልጀምር?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ የምንኖር፣ ከሰባት ዓመት በፊት በዲቪ የመጣን ቤተሰብ ነን። ታላቋ ልጃችን ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት፤ በሒሳብና በፊዚክስ ውጤቷ ጥሩ ነው፤ የምታስበውም ኢንጂነሪንግ ማጥናት ነው። እኔና እናቷ የምናገኘው ደመወዝ ግን ከቤት ኪራይና ለአገር ቤት ከምንልከው አልፎ ለኮሌጅ የሚተርፍ አይደለም። ለጥቁሮችና ለሌሎች ማይኖሪቲ ተማሪዎች የሚሰጡ ስኮላርሺፖችን ማፈላለግ ስጀምር አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እነዚያ ሁሉ በፍርድ ቤት ተዘግተዋል፤ አትድከም» አለኝ። እውነት ነውን? በሌላ በኩል ባለፈው ሳምንት ልጄ ለአመራር ሥልጠና «ተመርጣለች» የሚል፣ በወፍራም ወረቀት የታተመ ደብዳቤ በፖስታ ደረሳት፤ ከታች ግን ለጥቂት ቀናት ቆይታ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ደስታዋን ማበላሸት ስላልፈለግሁ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። የመጨረሻው ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍረኛል። ቅጾቹ ሁሉ ከቤተሰቧ ኮሌጅ በመግባት የመጀመሪያዋ መሆን አለመሆኗን ይጠይቃሉ። እኔ ከአገር ቤት ዲግሪ አለኝ፤ እዚህ ግን አንድም ቀን አልሠራሁበትም። ምን ብላ ትሙላ?

የሃይስኩል የኮሌጅ አማካሪ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ባልደረባዎ የሰሙት ወሬ መነሻ አለው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ዘርን መመዘኛ ማድረግን የከለከለው በተማሪዎች ቅበላ ላይ ነበር። ይሁንና ብዙ ተቋማት ክስ በመስጋት የስኮላርሺፕና የሰመር ፕሮግራም መስፈርቶቻቸውንም አሻሽለዋል፤ ቀድሞ የዘር ማንነት ይጠይቁ የነበሩት ዛሬ በአብዛኛው የቤተሰብን ገቢና ተማሪው ያለፈበትን ሁኔታ ይጠይቃሉ። ነገሩ እንዲያውም አዲስ አይደለም። እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ለጥቁር ተማሪዎች ብቻ ይሰጠው የነበረው የባነከር ስኮላርሺፕ በ1994 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሸንፎ ከሌላ ስኮላርሺፕ ጋር ተዋህዷል፤ ዛሬ ባነከር-ኪ በሚል ስም ለሁሉም ክፍት ነው። በ1988 ለጥቁር ወንዶች የተመሠረተው፣ ባልቲሞር አጠገብ ባለው ዩ.ኤም.ቢ.ሲ. በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማየርሆፍ ፕሮግራምም በ1990ዎቹ በሩን ለሁሉም ከፍቷል። ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ለምታስብ ልጅ ይህ ፕሮግራም በሩቅ የሚፈለግ ሳይሆን በቅርብ ያለ ነውና በማመልከቻ ጽሑፏም በውጤቷም እንድትዘጋጅበት እመክራለሁ።

ስለዚህ «ማይኖሪቲ» የሚለውን ቃል ይዘው ብቻ ከፈለጉ ትልቁ ገንዘብ ያመልጥዎታል። ትልቁ ገንዘብ ያለው በገቢ ላይ በተመሠረተው እርዳታ ነው። የመጀመሪያው በር ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ልጅዎ 12ኛ ክፍል በገባች በኦክቶበር 1 ይከፈታል። ግሪን ካርድ ያላት ተማሪ እንደ ዜጋ ሁሉ መሙላት ትችላለች፤ ስደተኝነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸውም እንዲሁ፤ ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ግን ለፌዴራል እርዳታ ብቁ አይደሉም። በፋፍሳ የሚገኘው የፔል ግራንት ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ሲሆን የማይመለስ ነው። ክዌስትብሪጅ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ውጤታቸው ከፍተኛ የሆነ ተማሪዎችን ስም ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያገናኛል፤ የተመረጠ ተማሪ የአራት ዓመት ሙሉ ወጪው ይሸፈንለታል፤ ማመልከቻውም ክፍያ የለውም። የሚዘጋው 12ኛ ክፍል በተጀመረ በሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ከሰመሩ በፊት ካልተዘጋጁ ይረፍዳል። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎችም በጸደይ የሚሞላ የዝግጅት ፕሮግራም አለው፤ ዘንድሮ ሊያመልጣት አይገባም።

ስለ ዲግሪዎ እውነቱን ይጻፉ። በፌዴራሉ ሕግ የመጀመሪያ ትውልድ የሚባለው ወላጆቹ የባችለር ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ ነው፤ ሕጉ ዲግሪው ከየት አገር እንደተገኘ አይለይም። ነገር ግን አንዳንድ ኮሌጆችና ፕሮግራሞች የራሳቸው ትርጉም ስላላቸው ቢሯቸውን በኢሜይል መጠየቅ አያሳፍርም። የእርስዎ ታሪክ ትክክለኛ ቦታው ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ክፍል ነው፤ ዲግሪ ያለው አባት በሙያው እንዳልሠራና ለምን እንዳልሠራ በሁለት ዐረፍተ ነገር መግለጽ አመልካቿን አይጎዳትም።

ሰመሩን ያየ ኢንጂነር፦

ጋሼ፣ እኔም የዲቪ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። እህታችን ከላይ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ሰመሩ ብቻ ልጨምር።

ምርጦቹ የሰመር ፕሮግራሞች ገንዘብ አይጠይቁም። ኤም.አይ.ቲ. የሚያዘጋጀው ማይትስ በኢንጂነሪንግና በሳይንስ ለሚበረቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለስድስት ሳምንት የሚሰጥ ሲሆን ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ነጻ ነው፤ ተማሪው የሚከፍለው የመጓጓዣውን ብቻ ነው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲም ሳምስ የሚባል ተመሳሳይ ነጻ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ቆይቷል። እንዲህ ያሉት ማመልከቻቸውን የሚዘጉት በክረምቱ ቅዝቃዜ መካከል ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ ስለ ሰመር ማሰብ የሚጀምረው ከተዘጉ በኋላ ነው። እኔ በጊዜው ሳላውቅ አምልጦኝ አንድ ሙሉ ሰመር በግሮሰሪ ካሸር ሆኜ አሳልፌያለሁ፤ አልተቆጨሁበትም፤ ለጽሑፌም ጠቅሞኛል።

ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር። ፍርድ ቤቱ ራሱ በዚያ ውሳኔ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው እንዳያየው የሚከለክል ነገር የለም ብሏል። ይህ ማለት ግን «ጥቁር ነኝ፤ ስደተኛ ነኝ» ብሎ መጻፍ ይበቃል ማለት አይደለም። የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ እንደዚያ ነበር፤ አስተማሪዬ አንብባ «ይህን አሥር ሺህ ልጅ ሊጽፈው ይችላል» አለችኝ። በመጨረሻ የጻፍኩት የእናቴን የዕቁብ ደብተር ስለመያዜ ነው። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደዘገየ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ የምመዘግበው እኔ ነበርኩ፤ አንዲት ሴት ባሏ ታሞባት ቀድማ እንድትወስድ ሲወሰን ሒሳቡን እንደገና ያስተካከልኩት በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ልጅዎም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ይኖራታል፤ ቁጭ ብላችሁ አስቡት።

በስም የሚታወቁ ሁለት ስኮላርሺፖችንም ትመልከት፦ በ1973 የተቋቋመው የጃኪ ሮቢንሰን ፋውንዴሽንና ለአራት ዓመት 40,000 ዶላር የሚሰጠው የሮን ብራውን ስኮላርሺፕ። ሁለቱም 12ኛ ክፍል ላይ የሚሞሉ ሲሆኑ ከገንዘቡ ይልቅ እኔ የማደንቅላቸው ተማሪውን እስኪመረቅ መከታተላቸውን ነው። የዘንድሮውን መስፈርት ግን ከራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ታንብብ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ወንድሜ፣ ያንን ደብዳቤ እኔም አውቀዋለሁ። የበኩር ልጄ በደረሰው ጊዜ «ልጄን ከመላው አሜሪካ መረጡልኝ» ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራሁ፤ ገንዘቡንም ተበድሬ ከፈልኩ። ልጁ ሆቴል ውስጥ ንግግር ሲያዳምጥ ሰንብቶ በጥሩ ቲሸርት ተመለሰ። በኋላ ስንሰማ በክፍሉ ያሉ ልጆች በብዛት ያው ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። የኮሌጅ መቀበያ ቢሮዎችም እንዲህ ያለውን ነገር ከፍሎ የተገዛ መሆኑን ያውቃሉ። ስኮላርሺፕ ለመስጠት «የማመልከቻ ክፍያ» የሚጠይቅም ሲያዩ እንዲሁ ይለፉት፤ ገንዘብ ሊሰጥ የመጣ ሰው ገንዘብ አይቀበልም። ለልጅዎ ደብዳቤው የክብር ሳይሆን የንግድ መሆኑን ዛሬውኑ ይንገሯት፤ ይገባታል፤ እኔ የዘገየሁት ነገር ይህ ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ትናንት ማታ አብረን አነበብነው፤ እሷ ራሷ ሳቀች፤ ለካ ጠርጥራ ነበር። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንድ ጓደኛዬ ልጁ ከውጭ ያገኘውን ስኮላርሺፕ ኮሌጁ ከራሱ እርዳታ ላይ ቀነሰው አለኝ፤ ታዲያ መድከሙ ምን ይጠቅማል? ደግሞም ታናሽ ወንድሟ 7ኛ ክፍል ነው፤ ለእሱ ገና ነው ወይ?

የሃይስኩል የኮሌጅ አማካሪ፦

ጓደኛዎ ያጋጠማቸው ነገር በእርግጥ አለ። እርስዎ ያሉበት ግዛት ግን በ2017 የመንግሥት ኮሌጆች እንዲህ እንዳያደርጉ ለመገደብ በአገሪቱ ቀዳሚ የሆነውን ሕግ አውጥቷል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከብድሩና ከተማሪ ሥራው ነው ወይስ ከነጻው እርዳታ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።

ለወንድሟ ገና አይደለም። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ያንግ ስኮላርስ የሚባለው ፕሮግራም የሚቀበለው በትክክል የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ነው፤ ከዚያ እስከ ሃይስኩል መጨረሻ ይረዳል። ለታላቋ ደግሞ በዚህ ሳምንት የትምህርት ቤቷን አማካሪ በአካል አግኙ። ፖሲን የመሰሉ ስኮላርሺፖች ጥቆማ ይፈልጋሉ፤ ተማሪዋ ብቻዋን ልታመለክትባቸው አትችልም፤ አማካሪው ደግሞ በብዙ መቶ ከሚቆጠሩ ልጆች መካከል የሚጠቁመው የሚያውቃትን ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው አይቅሩ፤ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ ብለው ይጠይቁ።