የወንድሜ ካቨርኖማ፦ ኦፕሬሽን ወይስ ክትትል?

የአቶቴዋ (ሀዋሳ)፦
ሰላም ናችሁ? ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ሞቢል አካባቢ እየነዳ መንገዱ ሁለት ሆኖ ታየው። ግራ ፊቱ ደነዘዘ፣ ቀኝ እጁ ከዳው። ኤምአርአይ ሲነሳ "የአንጎል ግንድ ላይ ካቨርኖማ አለ፣ ደም ፈሷል" ተባለ። አሁን በጣም ተሽሎታል። ሐኪሙ እንከታተለው ይላል። ዘመድ ቤት ሽጣችሁ ህንድ ውሰዱት ይላል። እማዬ ደግሞ ጸበል ይቅደም ባይ ናት። ምን ይሻላል?

ራጅ ክፍል፦
አይዞሽ እህቴ። ኤምአርአይ ላይ ነው የምሠራው፣ ሐኪም አይደለሁም። ካቨርኖማ ግድግዳቸው የሳሳ ደም ስሮች እንደ እንጆሪ ተጠጋግተው ሲያብጡ ነው። የሚፈሰው ደም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ችግሩ ቦታው ነው፤ ዓይን፣ ፊት፣ መዋጥና መተንፈስ የሚታዘዙት ከዚያች ጠባብ ግንድ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ አትያዙ፤ ኒውሮ ሰርጀኑ (የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ) ምስሉን ራሱ ማየት ስለሚፈልግ ሲዲውን ያዙ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ባለቤቴ ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ሲደማ እኛም ክትትል ነው የተባልነው። በዓመቱ ድጋሚ ደማ፣ ያኔ ቀዶ ሕክምና ተወሰነ። ሐኪሙ የመዘነው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ ደማ? እብጠቱስ እስከ ግንዱ ገጽ ወጥቷል? ገጹ ላይ ከደረሰ ጤነኛውን ክፍል ብዙ ሳይነኩ ይገባሉ። ውስጥ ከተቀበረ ግን መንገዱ ራሱ ጉዳት ነው። አንዴ የደማ የግንድ ካቨርኖማ በ5 ዓመት ውስጥ ድጋሚ የሚደማው ከ10 ሰው 3 ያህሉ ላይ ነው፤ ስጋቱ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው።

ማንም ያልነገረን ነገር ልንገርሽ። ከኦፕሬሽኑ ስትወጣ ከገባችበት ብሳ ነው የወጣችው። ፊቷ ተጣመመ፣ በአፍንጫ ቱቦ ነበር የምንመግባት። ወራት ፈጀ እንጂ አብዛኛው ተመለሰ። ዛሬም ደረጃ ስትወርድ እጄን ትይዛለች፤ እንጀራዋን ግን ራሷ ትጋግራለች። ስለዚህ የሚሻለው ሰው ላይ ቤት ለመሸጥ አትቸኩሉ። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ።

የአቶቴዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገጹ ላይ ደርሷል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የባጃጁን ቁልፍ ቀምቼዋለሁ፣ አኩርፏል። ራጅ ክፍል፣ ሲዲው ቢጠፋስ?

ራጅ ክፍል፦
ከማሽኑ ካልተሰረዘ ድጋሚ ይገለበጣል። የተነሳበት ቦታ ቶሎ ሂዱ።